ሆድ ለባሰው ሰው ምን እናድርግለት?

ስለ ድብርትና ስለ አንጎላችን በማኅበራችን የጤና ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



  እንድናገር የተሰጠኝ ርእስ «የስሜት ሕመምና አንጎል» የሚል ነው። ከሁሉ አስቀድሞ ሐኪም እንዳልሆንሁ ልግለጽ። የተማርሁት መምህርነት ነው። የመምህር ሥራ ደግሞ ሌሎች የደረሱበትን ዕውቀት አንብቦና አጣርቶ በሚገባ ቋንቋ ማቅረብ ነው። ሕመሙን መመርመርና መድኃኒት ማዘዝ የሐኪም ድርሻ ነው። በንግግሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህ ርእስ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ከኢትዮጵያ በመጣነው ወገኖች ዘንድ ራሳቸውን የሚያጠፉ ሰዎች ቁጥር፣ ከብዛታችን ጋር ሲነጻጸር፣ ከአገሩ አማካይ ከፍ ብሎ እንደሚገኝ የእስራኤል ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ዘገባዎች በተለያዩ ጊዜያት አሳይተዋል። ከቁጥሩ በስተጀርባ ያለውን ደግሞ እኛው እናውቀዋለን። ለቅሶ ቤት ተቀምጠን «ምን ሆኖ ነው?» ሲባል «ድንገት ነው» ብለን እናልፈዋለን። ብዙ ጊዜ ግን ድንገት አይደለም። ሰውየው ለወራት እንቅልፍ አጥቶ ነበር፤ ምግብ አልበላ ብሎት ነበር፤ ከሰው መራቅ ጀምሮ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ሊታከም የሚችል ሕመም ነበረበት። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ድብርት የባሕርይ ድክመት ሳይሆን የአንጎል ሥራ መታወክ መሆኑን፣ እንደ ሌላውም የአካል ሕመም የሚታከም መሆኑን ነው።

ሐዘን ሌላ፣ ድብርት ሌላ

በመጀመሪያ ሐዘንንና ድብርትን እንለይ። ሰው ዘመዱ ሲሞትበት፣ ሥራ ሲያጣ፣ ልጁ ሲታመምበት ያዝናል። ይህ በሽታ አይደለም፤ ሰው መሆን ነው። ያዘነ ሰው ወዳጅ ሲመጣለት ይጽናናል፤ በለቅሶው መካከል እንኳ ስለ ሟቹ ደስ የሚል ጨዋታ ሲነሣ ፈገግ ይላል።

በዕብራይስጥ ዲካኦን የሚባለው ድብርት ግን ከዚህ ይለያል። ሐኪሞች ድብርት የሚሉት፣ አንድ ሰው ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያህል በየቀኑ፣ አብዛኛውን ሰዓት ስሜቱ ከጨለመበት ወይም ቀድሞ ይወደው የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕም ካጣበት ነው። ከዚህም ጋር የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ያለ በደል ራስን መውቀስ፣ ሞትን መመኘት ይደራረቡበታል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ ከ280 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ በዚህ ሕመም ይሠቃያል። ስለዚህ «ይህ ነገር በእኛ ላይ ብቻ መጣ» ወይም «ይህ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚለው ሁለቱም አባባል ትክክል አይደለም።

አንጎል እንደ ሸማኔ ድር

አሁን ወደ አንጎል እንግባ። የአዋቂ ሰው አንጎል ከ1,300 እስከ 1,400 ግራም ያህል ይመዝናል። በውስጡ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሕዋሳት አሉ፤ አንዱ ሕዋስ በሺህ ከሚቆጠሩ ሌሎች ጋር ይገናኛል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ዕረፍት ላይ ሆነን ሰውነታችን ከሚጠቀምበት ኃይል ግን 20 በመቶ ያህሉን እርሱ ይወስዳል።

ከመካከላችሁ በአገር ቤት ሸማኔ የነበራችሁ፣ የሸማኔ ልጆችም የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። ድሩ ተወጥሮ ሳለ ጥቂት ክሮች ቢላሉ ጥፋቱ በእነዚያ ክሮች ላይ ብቻ እንደማይቀር፣ ጨርቁ እንደሚሸበሸብ ታውቃላችሁ። አንጎልም እንደዚሁ ነው። ስሜታችንን የሚይዝ አንድ ብቸኛ ቦታ የለም። ልዩ ልዩ ክፍሎች በነርቭ መስመር ተሳስረው እየተቀባበሉ ይሠሩታል። ዋና ዋናዎቹን ልንገራችሁ።

የመጀመሪያዋ አሚግዳላ ትባላለች። መጠኗና ቅርጿ እዚህ አገር ሻኬድ የምንለውን ፍሬ ይመስላል፤ በግራና በቀኝ አንዳንድ አለች። እርሷ ዘበኛ ናት። በሌሊት አንድ ነገር ኮሽ ሲል፣ ምን እንደ ሆነ ገና ሳናውቅ ልባችን እንዲመታ የምታደርገው እርሷ ናት።

ሁለተኛው ሂፖካምፐስ ይባላል። የትዝታ ጠባቂ ነው። ያየነውንና የሰማነውን ይመዘግባል፤ «ያ የዚያን ጊዜ ነው፣ ይህ ደግሞ የዛሬ ነው» ብለን እንድንለይም ይረዳናል።

ሦስተኛው ከግንባራችን በስተጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ነው። ይህን እንደ አገር ሽማግሌ ቁጠሩት። ነገር ያመዛዝናል፤ ዘበኛዋ ስትጮኽ «ተይ፣ ነፋስ ነው» ብሎ ያረጋጋታል።

አራተኛው ኑክሊየስ አኩምበንስ የተባለው ነው። አንድን ነገር ደስ ብሎን እንድንሻው፣ ተነሥተንም እንድንሠራው ያነሣሣናል። የእርሱ ሥራ ሲዳከም እንጀራው ያው እንጀራ፣ ቡናው ያው ቡና ነው፤ ጣዕም ግን የለም።

አምስተኛው በአንጎል መካከል፣ ከግንባር ወደ ውስጥ ጠለቅ ብሎ የሚገኝ፣ ቁጥር 25 የሚባል ቦታ ነው። ቁጥሩን የሰጠው በ1909 የአንጎልን ካርታ ያወጣው ጀርመናዊው ኮርቢኒያን ብሮድማን ነው። ይህ ቦታ ከዘበኛዋም፣ ከትዝታ ጠባቂውም፣ እንቅልፍንና ምግብን ከሚቆጣጠረውም ክፍል ጋር በመስመር የተያያዘ መገናኛ ነው።

ጤነኛ በሆነ ሰው ዘበኛዋ ትጮኻለች፣ ሽማግሌው ያመዛዝናል፣ ትዝታ ጠባቂው ያለፈውን ከዛሬው ይለያል፣ ከዚያም ሁሉም ይረጋጋል። በድብርት ጊዜ ግን ይህ ቅብብል ይዛባል። ዘበኛዋ ዝም አትልም፤ የሽማግሌው ድምፅ ይደክማል፤ ክፉው ትዝታ ደግሞ የትናንት ሳይሆን የዛሬ መስሎ ይመላለሳል። ሰውየውን «በርታ እንጂ!» ብንለው የማይበረታው ለዚህ ነው። እንዲበረታ የሚያደርገው መስመር ራሱ ነዋ የታመመው።

ይህ እንዴት ታወቀ?

ይህን ሐሳብ ሰዎች የደረሱበት ቀስ በቀስ ነው። በ1937 ጄምስ ፔፕስ የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ስሜት ከአንድ ቦታ ሳይሆን በዙር ከተያያዙ የአንጎል ክፍሎች እንደሚመነጭ ጻፈ። በ1999 ደግሞ ሄለን ሜይበርግ የተባለች የነርቭ ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቿ አንድ ጥናት አወጡ። ጤነኞች የሆኑ ሰዎች የሚያሳዝናቸውን ነገር እንዲያስታውሱ ተደርጎ አንጎላቸው በመሣሪያ ሲታይ፣ በቁጥር 25 አካባቢ ያለው ሥራ ከፍ አለ፤ በግንባር በኩል ያለው ደግሞ ዝቅ አለ። በድብርት ታመው የነበሩ ሰዎች ሲሻላቸው የታየው የዚህ ተቃራኒ ነበር። በሚዛን እንደ ተቀመጠ ዕቃ አንዱ ሲወጣ ሌላው ይወርዳል ማለት ነው።

በ2005 እነዚሁ ተመራማሪዎች መድኃኒት ፈጽሞ አልሠራ ያላቸውን 6 ሕሙማን በዚህ ቦታ ላይ በቀጭን ሽቦ ጥቂት ኤሌክትሪክ በመስጠት አከሙ፤ ከስድስቱ አራቱ ተሻላቸው። በኋላ 90 ሰዎች የተካፈሉበት ትልቅ ጥናት ሲደረግ ግን፣ በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት ኤሌክትሪኩ በተከፈተላቸውና ባልተከፈተላቸው መካከል በቂ ልዩነት አልታየም። ስለዚህ ይህ ሕክምና እስከ ዛሬ በምርምር ላይ ነው። በ2021 ደግሞ በአንጎል ጉዳት ምክንያት በድብርት የተያዙትን ሰዎችና በልዩ ልዩ መሣሪያ የታከሙትን ያነጻጸረ ጥናት ወጣ። ቦታዎቹ በካርታ ላይ የተራራቁ ቢሆኑም በአንድ የነርቭ መረብ የተያያዙ ሆነው ተገኙ። የሸማኔውን ድር ያነሣሁት ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አንዳንድ ሰው «እንግዲያው ራሴን በመሣሪያ አንሡኝና ይታይ» ይላል። በድብርት ብዙ ጊዜ የተመላለሰባቸው ሰዎች ሂፖካምፐሳቸው ከሌላው ሰው ትንሽ አንሶ ተገኝቷል፤ ነገር ግን ይህ የብዙ ሰው አማካይ ነው። ልዩነቱም በጣም ጥቂት በመሆኑ የአንድን ሰው የአንጎል ሥዕል ብቻ አይቶ «ይህ ድብርት አለበት፣ ይህ የለበትም» ማለት የሚችል ሐኪም ዛሬም የለም። ድብርት የሚታወቀው ሕመምተኛው በሚናገረው ነው። ይህን ያዙልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ሆዴን፣ ልቤን የሚል ሕመምተኛ

እኛ ስንታመም «ድብርት ይዞኛል» አንልም። «ሆዴን ባር ባር ይለኛል»፣ «ልቤን ያቃጥለኛል»፣ «ራሴን ይከፍለኛል»፣ «ሰውነቴን ይቆረጣጥመኛል» እንላለን። ሐኪሙ ሆድን ይመረምራል፣ ልብን ይመረምራል፣ ምንም ሲያጣ «ጤነኛ ነህ» ብሎ ይሸኛል። ቤተሰብም «ምንም የለባትም ተባለች፤ እንዲያው ስትቀብጥ ነው» ይላል።

እናቶቼ፣ ሕመሙ ውሸት አይደለም። ዘበኛዋ ስትጮኽ ሃይፖታላመስ የተባለው የአንጎል ክፍል ለፒቱይታሪ ዕጢ፣ ያ ደግሞ ከኩላሊታችን በላይ ላሉት ዕጢዎች መልእክት ይልካል። እነርሱም ኮርቲዞል የተባለውን ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይለቃሉ። ኮርቲዞል ለአጭር ጊዜ ከአደጋ ለመሸሽ ይጠቅማል። ለረጅም ጊዜ ከበዛ ግን እንቅልፍና ምግብን ያዛባል። ቫገስ የተባለው ረጅም ነርቭ ደግሞ አንጎልን ከልብና ከሆድ ዕቃ ጋር ያገናኛል። ከዚያ የሚመጣውን ወሬ ኢንሱላ የተባለው የአንጎል ክፍል ተቀብሎ ያነባል። ስለዚህ «ሆዴ» ያለች እናት በሆዷም በአንጎሏም ያለውን እውነት ነው የተናገረችው።

መከራም የራሱ ድርሻ አለው። በእንስሳት ላይ በተደረጉ ጥናቶች ለብዙ ጊዜ የቆየ ጭንቀት በትዝታ ጠባቂውና በሽማግሌው ክፍል ያሉትን የነርቭ ቅርንጫፎች ሲያሳጥር፣ በዘበኛዋ ክፍል ያሉትን ግን ሲያበዛ ታይቷል። ጭንቀቱ ሲወገድ ግን በሽማግሌውና በትዝታ ጠባቂው ክፍል ያጠሩት ቅርንጫፎች መልሰው አድገዋል።

በ1984 አካባቢ በሱዳን በኩል የመጣን ወገኖች ምን እንዳየን መናገር አያሻም። በመንገድና እንደ ኡም ራኩባ ባሉ መጠለያዎች 4,000 ያህል ሰዎቻችን እንዳለቁ ይገመታል። በዚያ መንገድ ያለፈ ሰው ዘበኛው እንደ ነቃች ብትቀር አያስደንቅም። ያ መከራ የደረሰበት ሁሉ ታመመ ማለትም አይደለም፤ የታመመውም ሁሉ ያን መከራ ያየ አይደለም። ዘርም ድርሻ አለው፤ የቅርብ ዘመድ መሞት፣ ሥራ ማጣት፣ መናቅ፣ ብቸኝነት፣ ወሊድም እንኳ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ። እዚህ ተወልደው ያደጉ፣ ወታደር ቤት ያሉ ልጆቻችንም ይታመማሉ።

ሕክምናው

ለድብርት ከተገኙት የመጀመሪያዎቹ መድኃኒቶች አንዱ የተገኘው ሳይታሰብ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ለሳንባ ነቀርሳ አይፕሮናያዚድ የተባለ መድኃኒት ሲሰጥ፣ ተስፋ ቆርጠው ተኝተው የነበሩ ሕሙማን መጫወትና መብላት ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓይነት መድኃኒት ተሠርቷል።

ስለ መድኃኒቱ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ኪኒኑ በአንጎል ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር በሰዓታት ውስጥ መለወጥ ይጀምራል፤ ስሜቱ ግን የሚሻሻለው ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ነው። ነገሩ «አንድ ቅመም ጎደለ፣ ተጨመረ» እንደሚባለው ቀላል አይደለም፤ የነርቭ መስመሮቹ ሥራቸውን እስኪያስተካክሉ ጊዜ ይወስድባቸዋል። በ5ኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል አይገባም። ሁለተኛ፣ ሲሻል ወዲያው ማቋረጥ ሕመሙን መልሶ ያመጣል፤ ማቆም ሲያስፈልግ ከሐኪም ጋር ቀስ በቀስ ነው። ሦስተኛ፣ ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ መታከምም እውነተኛ ሕክምና ነው፤ እርሱም በአንጎል ሥራ ላይ ለውጥ ሲያመጣ በመሣሪያ ታይቷል።

መድኃኒት ላልተሻላቸው ከራስ ቅል ውጭ በማግኔት የሚሰጥ ሕክምና አለ። ወደ ጠለቅ ያሉ የአንጎል ክፍሎች የሚደርሰው ዓይነት እዚሁ አገር፣ በኢየሩሳሌሙ ብሬይንስዌይ ድርጅት የተሠራ ሲሆን፣ በ2013 የአሜሪካ የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት ለድብርት ፈቅዶታል። ቀዶ ጥገናም ማደንዘዣም አያስፈልገውም።

ባይፖላር የሚባልም ሕመም አለ። ሰውየው አንድ ጊዜ በድብርት ይወድቃል፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለቀናት ሳይተኛ የማይደክም፣ ያለ ማቋረጥ የሚናገር፣ ገንዘቡን የሚበትን፣ «እኔን የሚችል የለም» የሚል ይሆናል። ይህን ለሐኪሙ ሳይናገር የድብርት መድኃኒት ብቻ ቢወስድ ወደዚያኛው ጫፍ ሊወረውረው ይችላል። ለዚህ ሕመም ጆን ኬድ የተባለ አውስትራሊያዊ ሐኪም በ1949 ጥቅሙን የገለጠው ሊቲየም እስከ ዛሬ ያገለግላል። ሊቲየም የሚወስድ ሰው ደሙን በየጊዜው ማስመርመር አለበት። ውኃ ሲጠማ መድኃኒቱ በደም ውስጥ ሊበዛና ሊመርዝ ስለሚችል፣ ጿሚ የሆናችሁ ከጾሙ በፊት ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

በአገር ቤት «ዛር ነው»፣ «የሰው ዐይን ነው» እየተባለ ብዙ ተደርጓል። በዚያ ዘመን ሐኪም ስላልነበረ ወላጆቻችን ባላቸው ታገሉ፤ አንፈርድባቸውም። ሽማግሌዎች መጥተው መመረቃቸው፣ ጎረቤት ቡና አፍልቶ ሰብሰብ ማለቱ ዛሬም አይቅር፤ ብቸኝነትን ያርቃል። ምርቃቱና ሐኪሙ አይጣሉም። የሚጎዳው በአንዱ ምክንያት ሌላውን መተው ነው።

ከጁላይ 2015 ጀምሮ የአእምሮ ጤና ሕክምና በኩፓት ሆሊም ኃላፊነት ሥር ገብቷል። ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ቤተሰብ ሐኪማችሁ ሂዱ። የደም ማነስ፣ የታይሮይድ ዕጢ ሕመምና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ድብርት ሊመስሉ ስለሚችሉ ደም ይመረመራል። ከዚያ «ሆዴን» ብላችሁ አታቁሙ። «እንቅልፍ አጥቻለሁ፤ ምንም አያስደስተኝም፤ ይህ ከጀመረኝ ይህን ያህል ሳምንት ነው» በሉ።

ያዙልኝ ያልሁት እዚህ ላይ ነው። ድብርት የሚታወቀው በሚነገረው ከሆነ፣ ማን እንደሚያስተረጉም ከመድኃኒቱ አያንስም። የ10 ወይም የ12 ዓመት ልጅ እናቱን ይዞ ሐኪም ዘንድ ይገባል። ሐኪሙ «ለመሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?» ብላ በይ ይለዋል። ልጁ ይህን እንዴት ይጠይቅ? ጠየቀ እንበል፤ እናት ለልጇ ምን ብላ ትመልስ? «የለም» ትላለች። ሐኪሙም «የለም» ብሎ ይጽፋል። ልጆቻችንን ለዚህ አናሰልፋቸው። አማርኛ የሚያውቅ መጋሸር ወይም አስተርጓሚ ይጠራልን ብላችሁ ጠይቁ፤ ካልተገኘ አንድ የምታምኑት ትልቅ ሰው ይግባ። እኛም በማኅበሩ አብሮ ለመሄድ ዝግጁ ነን።

በመጨረሻም አባቶቻችን «ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው» ብለዋል። ይህ ምሳሌ ብቻ አይደለም፤ ትክክለኛ ምክር ነው። የመሞት ሐሳብ ብዙ ጊዜ እንደ ማዕበል ነው፤ ይነሣል፣ ይበርዳል። በሚነሣበት ሰዓት መሣሪያ፣ መርዝ፣ የተከማቸ ኪኒን በእጅ አለመኖሩ ሕይወት ያድናል። ከወታደር ቤት ጠመንጃ ይዞ የሚመጣ ልጅ ካለባችሁና ቤታችሁ ያለ ሰው ከታመመ፣ ነገሩን ለሚመለከተው አሳውቃችሁ መሣሪያውን አርቁ። «ሞትን ታስባለህ?» ብሎ መጠየቅም ሐሳቡን አያስተምርም፤ በሩን ይከፍታል እንጂ። ጠይቁት፤ ብቻውን አትተዉት። ኤራን የተባለው የስልክ እርዳታ ቁጥር 1201 ነው፤ አደጋው የደረሰ ከሆነ ማጌን ዳዊድ አዶም 101 ነው።

ስኳር ያለበትን ሰው «መርፌህን ተወጋህ?» ብለን ሳናፍር እንጠይቃለን። ዛሬ ወደ ቤታችሁ ስትመለሱ፣ ከሰው የራቀ፣ እንቅልፍ ያጣ፣ ጣዕም የጠፋበት አንድ ዘመድ ትዝ ካላችሁ፣ በዚህ ሳምንት ደውሉለት። እንደ ስኳሩ ሰው ሳታፍሩ ጠይቁት፤ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ እሺ ካለም አብራችሁት ሂዱ።

 ጥያቄ ያላችሁ፣ በሰው ፊት መጠየቅ የከበዳችሁም፣ ስብሰባው ሲያበቃ እዚሁ እቆያለሁ።